ለሞዴል ባቡርዎ ተርንቴብል እንዴት ይመርጣሉ?

ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ «ተርንቴብል ልገዛ ነው» ስል መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ዲጄ ልትሆን ነው እንዴ?» የሸክላ ማጫወቻውን አይደለም የምለው። ባቡር የሚያዞረውን ነው። ክብ ጉድጓድ አለ። መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ድልድይ፣ ድልድዩ ላይ ሀዲድ። ሎኮሞቲቩ ይወጣበታል፣ ድልድዩ ይዞራል፣ ሎኮሞቲቩ ፊቱን አዙሮ ይወርዳል።

የእኔ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አርፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ ነው ቤቴ የደረሰው። በዚህ መንገድ የመጣ ዕቃ «አልሆነኝም» ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት እንዲህ ያድርጉ።

1. ያስፈልግዎት እንደሆነ ይወስኑ

ተርንቴብል የእንፋሎት ዘመን ዕቃ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ፊትና ኋላ አለው። ከኋላው የከሰልና የውሃ ጋሪውን ይጎትታል፣ ወደ ኋላ ረጅም መንገድ መሄድ አይመቸውም። የዘመኑ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጫፍ የሹፌር ክፍል አለው። እንደ አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ያለ የኤሌክትሪክ መስመር በሞዴል ልሥራ ካሉ ተርንቴብሉን ይተዉት። ብሩን ለሀዲድ ያውሉት።

የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ልሥራ የሚል ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ያ መስመር የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ1:87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ ሲሠራ፣ ሀዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ገበያ ላይ የሚበዛው ተርንቴብል ግን ለ16.5 ሚሊ ሜትር ሀዲድ የተሠራ ነው፤ ይህም የ1,435 ሚሊ ሜትሩ መደበኛ ሀዲድ ልክ ነው። አይገጥምም።

2. ረጅሙን ሎኮሞቲቭ ይለኩ

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ተርንቴብሌ ድልድይ 229 ሚሊ ሜትር ነበር። ዋጋው ደስ አለኝና ዘልዬ ገዛሁ። ሎኮሞቲቬ 275 ሚሊ ሜትር ነው። ሳወጣው የኋላው ጋሪ ግማሹ ድልድዩ ላይ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። ድልድዩ ንቅንቅ አይልም። አሁን የእህቴን የአበባ ማሰሮ ተሸክሞ መስኮት ስር ተቀምጧል። አበባውን ወደ ፀሐይ ያዞርላታል፣ ለዚያስ ጎበዝ ነው።

ሲለኩ ከአፍንጫ እስከ ጭራ አይለኩ። ከመጀመሪያው ጎማ እስከ መጨረሻው ጎማ ነው ቁም ነገሩ። ድልድዩ ላይ መቆም ያለበት ጎማው ነው። አካሉ ትንሽ ወጣ ቢል፣ ግድግዳ እስካልነካ ድረስ ችግር የለውም። ለምሳሌ ቢግ ቦይ የሚባለው የአሜሪካኖች ግዙፍ ሎኮሞቲቭ በ1:87 ርዝመቱ 46 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከጎማ እስከ ጎማ ግን 41 ገደማ። ስለዚህ የእውነተኛውን ባቡር ባለ 130 ጫማ ተርንቴብል የሚወክለው፣ 45 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነው ድልድይ ይችለዋል። ካገኙት ቁጥር ላይ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ሎኮሞቲቭን ሚሊ ሜትር ሳይስት ማቆም በእጅ አይሆንም።

በ1:87 ከሚገኙት፣ አትላስ የሚባለው ኩባንያ ድልድይ 229 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለአጫጭሮቹ ብቻ። ከሌሎቹ ኩባንያዎች የፔኮ 305፣ የፍላይሽማን 310 ሚሊ ሜትር ነው። አብዛኛው የአውሮፓ ሎኮሞቲቭ በእነዚህ ይስተናገዳል።

3. ቦታውን በካርቶን ይሞክሩ

ሰው ድልድዩን ይለካና ጋራዡን፣ ማለትም ተርንቴብሉ ዙሪያ ሎኮሞቲቮቹ የሚያድሩበትን ቤት፣ ይረሳል። የፍላይሽማኑ ድልድይ በየ7.5 ዲግሪው ይቆማል፣ ዙሪያውን 48 ቦታ። የጉድጓዱን ዙሪያ 974 ሚሊ ሜትር ለ48 ያካፍሉት፣ 20 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሀዲዱ 16.5 ነው። ጎን ለጎን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ጋራዡ ተርንቴብሉ አፍ ላይ አይሠራም፣ ሀዲዶቹ እስኪራራቁ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለእያንዳንዱ በር 50 ሚሊ ሜትር ከሰጡ፣ በሮቹ ከመሃሉ 38 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናሉ። የጋራዡን 30 ሴንቲ ሜትር ሲጨምሩ 68። ይህ ገና አንድ ወገኑ ነው። ካርቶን ቆርጠው ጠረጴዛው ላይ ያንጥፉት። የኔ ጠረጴዛ አልበቃውም፣ ሦስት በር ብቻ ሠራሁ።

4. ጉድጓድ ወይስ ጠፍጣፋ?

ጉድጓድ ያለው ያምራል፣ ግን ጠረጴዛውን መብሳት ይጠይቃል። ደሴ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፣ እንጨት በክረምት ጭጋግ ያብጣል። ሰኔ ላይ እኩል የነበረው ሀዲድ ነሐሴ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ሎኮሞቲቩም እዚያ ጋ ይዘላል። ወፍራም ኮምፐርሳቶ ይያዙ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ቀለም ይቀቡት። ሲተክሉ ውሃ ልክ ያስቀምጡ። እጄ ይሠራል የሚል ደግሞ ድልድዩን ራሱ ሠርቶ፣ መሃሉን ቶርኖ ቤት አስቀርጾ በኩሽኔት ማስቀመጥ ይችላል።

5. ኤሌክትሪኩን ይጠይቁ

ድልድዩ ግማሽ ዙር ሲዞር የግራው ሀዲድ የቀኝ ይሆናል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገጣጥመው ሾርት ያደርጋል። በተራው የዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) አሠራር አንዳንዱ ተርንቴብል ይህን በውስጡ ፈትቶታል። ዲሲሲ በሚባለው፣ ሎኮሞቲቮቹ በዲጂታል ትእዛዝ በሚነዱበት አሠራር ከሆነ ግን ፖላሪቲውን በራሱ የሚገለብጥ ትንሽ ሰርኪት መኖር አለበት። ካርቶኑ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው ይገዛል? ሻጩን ይህን ይጠይቁ። ማርክሊን የሚባለው ኩባንያ ባለ ሦስት መስመር ሀዲድ ይህ ጣጣ የለበትም።

አስማሚውንም ይገልብጡና ጀርባውን ያንብቡ። ለአሜሪካ የተሠራ 120 ቮልት ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። «100–240» የሚል ይፈልጉ። ሞተር የሌለው ተርንቴብልም አይናቁ። የፔኮው ያለ ሞተር ነው የሚሸጠው፣ በእጅ ይዞራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማንንም አይለምንም።

6. ሲመጣ ሳያጣብቁ ይሞክሩ

ጠረጴዛው ላይ እንዲሁ ያስቀምጡት። አንድ ሀዲድ ፊት ለፊቱ ይግጠሙ። ረጅሙን ሎኮሞቲቭ በጣም ቀስ አድርገው ያውጡት፣ ያዙሩት፣ ያውርዱት። ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ። መጋጠሚያው ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ከፍታው አልተስተካከለም። ከስሩ ወረቀት እያጠፉ ያስገቡ። እኔ ሁለት የሲጋራ ካርቶን ቁራጭ ነው የበቃኝ። ድምፁ ሲጠፋ ማጣበቂያውን ይክፈቱ።