የተተከለ ጥርስ ሲነቃነቅ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ኢምፕላንት (የተተከለ ጥርስ) ተነቃነቀ ማለት ሁልጊዜ ገንዘቡን ውሃ በላው ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚነቃነቀው የቱ ክፍል እንደሆነ ይለይ። አጥንት ውስጥ የገባ የታይታኒየም ሥር አለ። እሱ ላይ በትንሽ ብሎን የሚታሰር ማገናኛ አለ። ከላይ የሚታየው ጥርስ ክራውን ይባላል። የላይኞቹ ሁለቱ ይጠገናሉ። ሥሩ ከተነቃነቀ ግን መውጣቱ አይቀርም።

ጥርሱ ይዞራል ወይም ይወዛወዛል፣ ድዱ ግን ደህና ነው

አብዛኛውን ጊዜ የማገናኛው ብሎን ላልቷል፣ ወይም ክራውኑን የያዘው ሲሚንቶ ለቋል። ማታ ጥርሳቸውን የሚያፋጩ ሰዎች ላይ ይበዛል። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ ሥሩ ደህና መሆኑን ያያል። ከዚያ ክራውኑን አንስቶ ብሎኑን ያጠብቃል ወይም ይቀይራል። የሚያጠብቀው በግምት አይደለም፤ ጉልበት በሚለካ መፍቻ ነው። ልኩን አምራቹ ይወስነዋል፤ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 35 ኒውተን ሴንቲሜትር ነው።

እባክዎ ቤት ውስጥ በሱፐር ግሉ አያጣብቁት። በላላ ብሎን ማኘክም ያቁሙ። ብሎኑ ውስጥ ከተሰበረ ቀላሉ ሥራ ከባድ ይሆናል።

ሲቦርሹት ይደማል፣ ይሸታል፣ ድዱ ሲጫኑት መግል ይወጣል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘናጋው "አላመመኝም" ብሎ ነው። የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው፣ ስሜት ያለው ጅማት ኢምፕላንት ላይ የለም። ስለዚህ አጥንቱ እያለቀ እንኳ ሕመም ላይኖር ይችላል።

ድዱ ብቻ ከተቆጣ በደንብ ሲጸዳ ይድናል። አጥንቱ መሟሟት ከጀመረ ግን ድዱን ከፍቶ ሥሩን ማጽዳት ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የዛሬውን ራጅ ጥርሱ ሲተከል ከተነሳው ጋር ማነጻጸር ነው። ዋናው መንስኤ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ሲጋራና ቁጥጥር ያጣ ስኳር ያባብሱታል። አንዳንዴ ደግሞ ድድ ሥር ተረስቶ የቀረ ሲሚንቶ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ሲወጣ ድዱ የሚረጋጋበት ጊዜ አለ።

ራሱ ሥሩ ይነቃነቃል

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሆነ አጥንቱ ሥሩን አልያዘውም ማለት ነው። ለመትከል ሲቦረቦር አጥንቱ ከመጠን በላይ ሞቆ፣ ኢንፌክሽን ገብቶ ወይም ጊዜው ሳይደርስ ጫና በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ከሆነ ደግሞ አጥንቱ በኢንፌክሽን ወይም በጫና አልቋል። የትኛውም አንቲባዮቲክ የለቀቀን ሥር መልሶ ከአጥንት ጋር አያጣብቀውም። ሳይውል ሳያድር ይውጣ፤ በቆየ ቁጥር የቀረውን አጥንት ይጎዳል። የተነቃነቀውን ማውጣት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ከባዱ ከላይ ተሰብሮ ከታች አጥንቱ አጥብቆ የያዘው ነው።

አዲሱ መቼ ይተከል? ቦታው ንጹህና አጥንቱ በቂ ከሆነ በዚያው ቀን ሰፋ ያለ ሥር የሚተከልበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥቂት ወራት ይጠበቃል። አጥንት መሙላት ካስፈለገ እሱ እስኪጠነክር ከ4 እስከ 6 ወር፣ አዲሱ ሥር እስኪያዝ ደግሞ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። "ነገ እንተክልልዎታለን" ከተባሉ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን ይጠይቁ፦ የመጀመሪያው ለምን ወደቀ? መልስ ሳይገኝ ሁለተኛውን መትከል ያንኑ ችግር በአዲስ ዋጋ መግዛት ነው። በዚያው ቦታ ለሁለተኛ ጊዜ የሚተከል የመያዝ ዕድሉ ከመጀመሪያው ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም አብዛኛው ይይዛል። የስኳር ሕመም ካለብዎ የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳርዎን ይለኩ። የሚያጨሱ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያቁሙ። የሚያፋጩ ከሆነ የማታ የጥርስ መከላከያ ያሠሩ። ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስዱ ወይም መርፌ የሚወጉ ከሆነ ሥሩ ከመውጣቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የመንጋጋ አጥንት አልድን የሚልበት አደጋ አለ። አጥንቱ እምቢ ካለ ብሪጅ (ከጎን ባሉት ጥርሶች ላይ የሚታሰር ጥርስ) ወይም የሚወልቅ ጥርስም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ሽንፈት አድርገው አይዩት።

ሐኪሙ "የማን ሥራ እንደሆነ አላወቅሁትም" ይላል

ይህ ለአገር ቤት እረፍት መጥተው አስተክለው ወደ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ለሚመለሱ ትልቅ ራስ ምታት ነው። የየአምራቹ ብሎንና መፍቻ ይለያያል። ስሙ ካልታወቀ የላላ ብሎን ማጥበቅ እንኳ በራጅ መገመት ይሆናል። ኢምፕላንቱ የሚመጣበት ማሸጊያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚላጥ ተለጣፊ አለ፤ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የምርት ቁጥሩ ተጽፎበታል። በተተከለልዎ ቀን አንዱን ካርድዎ ላይ ያስለጥፉ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። ቀደም ብለው ካስተከሉ ክሊኒኩ መዝገብዎ ላይ ይኖረዋል፤ አሁኑኑ ደውለው ያስልኩት።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ከተተከለ በኋላ ማደንዘዣው ሊለቅ ሲገባው የታችኛው ከንፈር ወይም አገጭ እንደደነዘዘ ከቀረ፣ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይደውሉ። ፊት እያበጠ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካስቸገረ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።