የላቨንሃም ጊልድሆል፦ በአሮጌ የእንጨት ቤት ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ ያለችው ላቨንሃም በሱፍ ጨርቅ ንግድ የከበረች ከተማ ነበረች። በገበያዋ አደባባይ የቆመውን ጊልድሆል (የማኅበር አዳራሽ) እ.ኤ.አ. በ1530 ገደማ ያሠራው የኮርፐስ ክሪስቲ ሃይማኖታዊ ማኅበር ነው። ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት ተመዝግቧል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚጎበኝም ሆነ ገዝቶ የሚኖርበት ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ።

አንዱ እንጨቱን ጥቁር መቀባት ነው። የድሮ የእንግሊዝ ቤት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጥቁር እንጨትና ነጭ ግድግዳ ቢሆንም፣ ይህ መልክ በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው። የላቨንሃም ቤቶች የተሠሩበት ኦክ የተባለው እንጨት ብርማ ግራጫ ነው። ቀለሙን ለማስለቀቅ በአሸዋ ግፊት መፋቅ ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው፤ አናጺዎች የትኛው እንጨት ከየትኛው እንደሚገጥም ለማወቅ የጫሩትን ምልክት ጠርጎ ይወስደዋል።

መጣመሙን አይቶ ሊፈርስ ነው ማለትም ስህተት ነው። ኦክ ሲደርቅ ስለሚጠነክር የሚጠረበው እርጥብ ሳለ ነበር። ቤቱ ከቆመ በኋላ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ ግን የአንዱ ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ በእንጨት ችንካር ስለተያያዘ አይላቀቅም። የሚያሳስበው አዲስ የተፈጠረ ስንጥቅ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን በሲሚንቶ መጠገን ነው። በእነዚህ ቤቶች በቋሚዎቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት ይጠላለፍና ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል፤ ላዩ በኖራ ይለሰናል። የጭቃ ቤት ሲመረግ ላየ ሰው ሥራው እንግዳ አይሆንበትም። ጭቃውና ኖራው እርጥበት ቢያስገቡም መልሰው ያስወጡታል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት ስለማይሄድ በጠርዙ ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል። ዝናቡ በዚያ ገብቶ መውጫ ያጣል። ግድግዳው ከውጭ ንጹሕ እየመሰለ ከሥር የተጋደመው ወፍራም እንጨት በስብሶ ቢላ ያለ ችግር ይሰምጥበታል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢም በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባው ሲሚንቶና አርማታ ኋላ በኖራ እንዲታረም ተደርጓል።

የጊልድሆሉ ቋሚዎች የተጠጋጉት ለጥንካሬ ቢመስልም፣ ቤቱን ለመሸከም ከዚያ ያነሰ ይበቃ ነበር፤ በውድ እንጨት ግድግዳ መሙላት ሀብት ማሳያ ነው። ማኅበሩ ግን ብዙም አልኖረበትም፤ በ1547 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ማኅበራትን አፈረሰ። ሕንፃው ከዚያ በኋላ እስር ቤትና የድሆች መጠለያ ሆኗል። ስለዚህ «ወደ መጀመሪያ መልኩ እንመልሰው» ብሎ የኋለኛውን ሁሉ መንቀል ታሪኩን መቁረጥ ነው።

በመጨረሻ፣ ጥበቃው ለፊት ገጽታው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ገዢዎችን ዋጋ ያስከፍላል። በእንግሊዝ ሕግ ምዝገባው የውስጡንም ይይዛል፤ የሕንፃውን ታሪካዊ ባሕርይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ግንበኛ ከመጥራት በፊት የአካባቢውን ምክር ቤት የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ማማከር፣ ግንበኛውንም ከዚህ በፊት በኖራ ሠርቶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።