በጋራ መጸዳጃ ቤት የተጠቃሚን ክብር እንዴት መጠበቅ ይቻላል? ለባሕር ዳር መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የቀረበ መመሪያ

በባሕር ዳር የሚሠሩት አዳዲስ ሕንጻዎች መጸዳጃ ቤታቸው በሴራሚክ የተለበጠ፣ የእጅ መታጠቢያቸውም ያማረ ነው። ይሁን እንጂ በሩ ከውስጥ የማይቀረቀር ወይም ቁልፉ በጥበቃ ሠራተኛው ኪስ የሚውል ከሆነ፣ ሠራተኛው እዚያ ከመግባት ይልቅ ውኃ ሳይጠጣ መዋልን ይመርጣል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ሳይጠጡና ሽንትን ይዞ መዋል ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ክብርን የሚጠብቁት ነገሮች አብዛኞቹ በመቀርቀሪያና በብሎን ዋጋ የሚገኙ ናቸው። የጠፋው ገንዘቡ ሳይሆን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ በቅድሚያ የተዘጋጀው ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ለርእሰ መምህራን ነው።

ሥራው የሚጀምረው በዕረፍት ሰዓት፣ ሰው በሚበዛበት ጊዜ፣ መንገዱን እንደ ተጠቃሚ ሆኖ በመሄድ ነው። ከወንበርዎ ተነሥተው እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ድረስ ማን እንደሚያይዎት ልብ ይበሉ። በሩ ከሻይ ክበቡ ጠረጴዛዎች ወይም ባለጉዳይ ከሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ጋር ፊት ለፊት ከሆነ፣ ማን እንደገባ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደቆየም ይታወቃል። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ይዝጉ፤ አንድ የሥራ ባልደረባም ውጪ ቆሞ ምን እንደሚታየውና ምን እንደሚሰማው ይንገርዎት። መብራቱንም አጥፍተው ለጥቂት ጊዜ ይቆዩ፤ ብርሃን የሚገባበት የቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳና የጣውላ ስንጥቅ ሁሉ ዓይንም ሊገባበት ስለሚችል፣ የዚያኑ ዕለት ይደፈን። በመጨረሻ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተው ቁልቁል ይመልከቱ፤ ከምድር ሲያዩት የተከለለ የሚመስለው ጣሪያ አልባ የወንዶች መሽኛ ከደረጃው መስኮት ወለል ብሎ የሚታይበት ትምህርት ቤት አለ። ወንድ ልጅ መከለያ አያስፈልገውም የሚለው ልማድ መቅረት አለበት፤ በመሽኛዎቹ መካከል እስከ ትከሻ የሚደርስ መከለያ ማቆም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው በሩ ነው። የእንጨት በር ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ይደርቃል፤ በዚህ የተነሣ በሰኔ ልክ የነበረው መቀርቀሪያ በጥር ከመግቢያው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። ተጠቃሚው በአንድ እጁ በሩን ይዞ ወይም ገመድ በሚስማር ላይ ጠምጥሞ የሚገለገለው ይህን የሚያስተካክል ሰው ሳይኖር ሲቀር ነው። ስለዚህ መቀርቀሪያው ወፍራም ይሁን፣ የሚገባበት ቀዳዳም በሩ ሲያብጥና ሲረግብ እንዲያስተናግደው ወደ ላይና ወደ ታች የረዘመ ይሁን፤ አያያዙም በሚስማር ሳይሆን በሩን አልፎ በሚታሰር ብሎን ይሁን። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መቀርቀሪያው አንደኛ ክፍል ያለች ልጅ በምትደርስበት ቁመት መግጠም አለበት። ከውጪ በኩል ጓጉንቸር የሚንጠለጠልበት ማያያዣ ካለ ደግሞ ይነቀል፤ ተማሪ በተማሪ ላይ እየቆለፈ የሚሳሳቀው በእሱ ነውና። በር ሲንኳኳ ከውስጥ ጉሮሮን መጥረግ የቆየ ጨዋ መልስ ቢሆንም፣ መቀርቀሪያው ሲዞር ከውጪ ቀይ ምልክት የሚያሳየውን ዓይነት መግጠም ሁለቱንም ወገን ከማፈር ያድናል።

ከበሩ ሥር ለወለል ማጠቢያ የሚተወው ክፍተት አሥር ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከጉልበት በታች ሁሉ የሚያሳይ በር የሥራ ቁጠባ እንጂ የጽዳት ዘዴ አይደለም። በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ በመቀመጫው ላይ ቆሞ አሻግሮ ማየት እስከማይቻል ድረስ ከፍ ይበል። ሙቀቱንና ሽታውን ለማስወጣት ከጣሪያው ሥር አየር የሚያሳልፍ መስኮት ይተውለት፤ አለበለዚያ ተጠቃሚው ራሱ በሩን ገርበብ ለማድረግ ይገደዳል።

በጣና ዳር በሚገኙ ዝቅተኛ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሆነ፣ በክረምት የሚቆፈር ጉድጓድ ብዙ ሳይጠልቅ ውኃ ያወጣል። የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ታችኛው ጫፍ ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት እንዳለበት በሰብአዊ እርዳታ ሥራ የሚታወቅ መስፈርት አለ፤ በዚህም ምክንያት ግንበኞች መጸዳጃ ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርገው በደረጃ ይሠሩታል። መፍትሔው ለውኃው ተገቢ ነው፤ ለተጠቃሚው ግን በግቢ ሙሉ ሰው ፊት መድረክ ላይ እንደመውጣት ይሆንበታል። እንዲህ ያለው ግንባታ የማይቀር ከሆነ ደረጃው ከጓሮ በኩል ይሠራ፣ በሩም ወደ አጥሩ ይዙር፤ አስቀድሞ ተሠርቶ ካለቀ ደግሞ ከደረጃው ፊት ለፊት ቁመት ያለው የብሎኬት ግርዶሽ ይቁም። ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው በምድር ወለል የሚገኝ፣ በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር የሚያሳልፍና ወደ ውጪ የሚከፈት፣ በግድግዳውም ላይ መያዣ ብረት ያለው አንድ ክፍል ያስፈልጋል። ወደ ውጪ የሚከፈት በር አንድ ሰው ውስጥ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ለማንሣትም ይረዳል።

ቁልፍን በሚመለከት የኃላፊዎች ምክንያት መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የውጪ ሰው እየገባ እንደሚያቆሽሸውና የቧንቧ ራስ እየተፈታ እንደሚወሰድ እናውቃለን። ሆኖም የተለመደው መፍትሔ ጉዳቱ ያይላል። ቁልፉ በጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ በአንድ ቁራጭ እንጨት ታስሮ ተሰቅሏል፤ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ባለጉዳዮች ተሰልፈው ባሉበት ቀርባ «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ» ትላለች፤ እሳቸውም በክፋት ሳይሆን በልማድ «አሁን ወስደሽ አልነበር እንዴ?» ይሏታል። ከዚህ በኋላ ያች ሠራተኛ እስከ ምሳ ሰዓት አትመለስም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቅጂ ቁልፍ ማስቀረጽ፣ ወይም በሥራ ሰዓት ክፍሉን ክፍት አድርጎ ማታ ብቻ መቆለፍ፣ ለባለጉዳይም የተለየ ክፍል መመደብ የተሻለ ነው። የሚሰረቅ ነገር ካለ መጠበቅ ያለበት ዕቃው እንጂ የሠራተኛው መግቢያና መውጫ አይደለም።

በመማሪያ ክፍል ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። ተማሪው እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ልውጣ?» ሲል፣ «ወዴት? ለምን?» የሚል ጥያቄ ከተከተለ ክፍሉ ይስቃል፤ ልጁም ሌላ ጊዜ መጠየቁን ይተዋል። ከበሩ አጠገብ ሁለት ካርዶች፣ አንዱ ለወንድ አንዱ ለሴት፣ ይሰቀሉ፤ ያሻው ተማሪ ሳይጠይቅ ካርዱን ይዞ ይውጣ፣ ሲመለስም መልሶ ይስቀለው። በሰበቡ የሚዞር ተማሪ መኖሩ አይቀርም፤ እሱን ለብቻ ጠርቶ ማነጋገር ይቻላል።

ለሴት ተማሪዎችና ሠራተኞች በሩ ብቻ በቂ አይደለም። ውኃው ከክፍሉ ውጪ ባለ የጋራ ቧንቧ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት እጇንም ሆነ ልብሷን ሳታጸዳ በሰው መካከል ለማለፍ ትገደዳለች። የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ ከሮቶ የሚሞላ ባልዲና ጆክ በየክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያም እንዲሁ በየክፍሉ እንጂ በመተላለፊያው ላይ አይሁን፤ መጣያ በሌለበት ሞዴስ ወደ መቀመጫው እየተጣለ ቱቦውን ይዘጋል፣ ጉድጓዱንም ያለ ጊዜው ይሞላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋት ደግሞ በበሩ ጀርባ የምትመታ ማንጠልጠያ ናት፤ ወለሉ ርጥብ በሆነበት ክፍል ነጠላዋንና ቦርሳዋን በጥርሷ ይዛ መገልገል የማንም ሴት ዕጣ መሆን የለበትም። ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን ሞዴስ በዚያው በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ከንብረት ክፍል በፊርማ የሚወጣ ከሆነ ማንም አይጠይቀውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መስፈርት ለ25 ሴቶች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መጸዳጃና አንድ መሽኛ ይመከራል። ቁጥሩን ወዲያው ማሟላት ካልተቻለ የዕረፍት ሰዓትን በክፍል ደረጃ ከፋፍሎ ማዘዋወር ሰልፉን ያቃልላል።

የጽዳት ሠራተኛዋ የምትገባበት ሰዓት በበሩ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ጓንትና በረኪና ይሟላላት። እሷን የበር ጠባቂ ማድረግም አይገባም። የደህንነት ካሜራ በምንም ምክንያት ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር አይዙር፤ በዚያ አካባቢ በስልክ ፎቶ ማንሣትና መቅረጽ የተከለከለ መሆኑም በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቅጣቱ ተጠቅሶ ይስፈር።

ጥያቄውን የሚያቀርበው ሠራተኛ ከሆነ፣ በቃል ከማማረር ይልቅ አጭር ማመልከቻ ቢጽፍ ይሻለዋል፤ ማመልከቻውንም ብዙዎች በጋራ ቢፈርሙበት የአንድ ሰው ነውር ተደርጎ አይወራም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰብአዊ ክብርን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች በተጨማሪ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን መጥቀስ ይችላሉ፤ አንቀጹ አሠሪው የሠራተኞቹን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥልበታል። በትምህርት ቤት ጉዳዩ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይቅረብ። የማመልከቻው ጥያቄ በስሜት የተሞላ ከሚሆን ይልቅ «የሁለተኛው ፎቅ የሴቶች መጸዳጃ ሦስተኛ በር መቀርቀሪያ ይገጠምለት» የሚል ቢሆን ኃላፊው ለማሠራትም ሆነ እምቢ ለማለት የሚገደድበት ግልጽ ነገር ያገኛል።

ፍተሻው በዓመት ሁለት ጊዜ ይደገም፦ አንዱ ክረምቱ አልፎ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በመስከረም መጀመሪያ፣ ሌላው እንጨቱ ደርቆ መቀርቀሪያዎቹ በሚላቀቁበት በጥር ወር። በሁለቱም ጊዜ ፈታሹ ወንድ ብቻ አይሁን፤ የሴቶቹን ክፍል ሴት ትይ፣ የጎደለውንም ጽፋ ለኃላፊው በቀጥታ ታስረክብ።