የመጀመሪያ ድሮናችሁ አልነሳ፣ አልረጋ ወይም አልመለስ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ተበላሸ» ተብሎ ጠጋኝ ጋ የሚደርስ ድሮን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ባትሪው ተኝቷል፣ ፕሮፔለሩ ያለ ቦታው ታስሯል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ኮምፓሱን አሳስቶታል፣ አለዚያም የተቆመበት ቦታ ጨርሶ የማይበረርበት ነው። ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከዚያ ፕሮፔለሩን፣ ባትሪውን፣ በመጨረሻም የቆማችሁበትን መሬት እዩ። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው።

ከታች ያሉት ቁጥሮች የዲጄአይ ሚኒ 2 ናቸው። ከ250 ግራም በታች የሆነ፣ ጀማሪ በብዛት የሚገዛው ዓይነት ድሮን ነው፤ መሰሎቹም ብዙ አይርቁም።

ቁልፉን ብጫን ምንም መብራት የለም

አዲስ ባትሪ ከፋብሪካ የሚወጣው ተኝቶ ነው፤ ቻርጀር ካልነካው አይነቃም። ሰክታችሁ መብራቶቹ ብልጭ ማለት ሲጀምሩ ነቅቷል። ነቅቶም የማይበራ ከሆነ ችግሩ አጫጫኑ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መንካት የቀረውን ቻርጅ ብቻ ያሳያል። ለማብራት አንዴ ነካ አድርጋችሁ ትለቃላችሁ፣ ወዲያው ደግማችሁ ተጭናችሁ ሁለት ሰከንድ ትይዛላችሁ።

ከበረራ የወረደ ትኩስ ባትሪ ቻርጅ አልቀበልም ቢል ራሱን እየጠበቀ ነው፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት እንጂ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት። ሞልታችሁ ያስቀመጣችሁት ባትሪ ከሳምንት በኋላ ጎድሎ ብታገኙትም አትደንግጡ። እንዳያብጥ ሲል በራሱ ቀስ እያለ ይፈሳል። መሙላት ያለባችሁ በዋዜማው ምሽት ነው።

ሊነሳ ሲል ይገለበጣል

ፕሮፔለር ነው፤ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን ጨርሱ። አራቱ ሞተሮች ሁለት በሁለት በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ ፕሮፔለሮቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። ምልክት ያለበት ምልክት ባለው ክንድ ላይ፣ ምልክት የሌለው ምልክት በሌለው ክንድ ላይ ይታሰራል። አንዱን እንኳ ብታሳስቱ ያ ጥግ አየሩን ወደ ላይ ይገፋና ድሮኑን ይደፋዋል።

ሲቀየርም በአንድ ክንድ ላይ ያሉት ሁለቱ ቢላዎች አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ሚዛኑ ይዛባል። በፓኬቱ ውስጥ አብሮ የመጣውን አዲስ ብሎን ተጠቀሙ። ቢላው ደህና መሆኑን ለማወቅ ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ ሳብ አድርጉት። ከያዛችሁ ተላጭቷል፣ ይጣል። ጥንድ ፕሮፔለር ከካሜራው ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ቆሞ ይንሸራተታል፣ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ክብ ይሠራል

ሁለቱ ምልክቶች ይመሳሰላሉ እንጂ መነሻቸው የተለያየ ነው።

ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ ከታች ያለው ዓይኑ የሚይዘው ነገር አጥቷል። ድሮኑ ዝቅ ብሎ ሲቆም በሆዱ ያለች ካሜራ መሬቱን እያየች ታረጋዋለች። ውኃ፣ በረዶ፣ አንድ ወጥ ሲሚንቶ ወይም ጨለማ ግን ለእሷ ባዶ ወረቀት ነው። በዚያ ላይ ጂፒኤሱ ገና በቂ ሳተላይት ካልያዘ ከነፋሱ ጋር መንሳፈፍ ይሆናል። መፍትሄው ትዕግሥት ነው፦ ከ10 በላይ ሳተላይት እስኪይዝና «የመነሻ ቦታ ተመዝግቧል» የሚለው መልእክት እስኪመጣ ሳትነሱ ጠብቁ። ሳርና ጠጠር ከለሰለሰ ወለል ይሻላሉ።

ክብ እየሠራ፣ ክቡም እየሰፋ ከሄደ ግን ኮምፓሱ ተሳስቷል። ጂፒኤሱ «ወደ ሰሜን ተንሸራተትክ» ይለዋል፣ ኮምፓሱ ሰሜንን ያለ ቦታው ያሳየዋል፣ ድሮኑ ሊያርም ሲሞክር ይባስ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ወደ ቤት መመለሻውን ቁልፍ አትጫኑ፤ የተሳሳተ ኮምፓስ ይዞ የትም ሊበር ይችላል። ስቲኩን በእጃችሁ እየነዳችሁ ቅርብ ወዳለ ባዶ ቦታ አውርዱት።

ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የተነሳበት ቦታ ነው። የኮንክሪት ጣሪያ ለዓይን ንጹሕ ሜዳ ይመስላል፤ ከሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በታች ግን ፌሮ በመስመር ተደርድሯል። የመኪና ኮፈን፣ የቆርቆሮ ክዳንና የጉድጓድ የብረት መዝጊያም እንደዚያው ናቸው። ከብረቱ 10 ሜትር ያህል ራቁና ኮምፓሱን ካሊብሬት አድርጉ፦ ድሮኑን በአግድም ይዛችሁ አንድ ሙሉ ዙር፣ ቀጥሎ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍታችሁ ሌላ ሙሉ ዙር። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋንና የብረት ሰዓት አርቁ። ፌሮው ላይ ቆሞ ካሊብሬት ማድረግ ስህተቱን በማስታወሻ ላይ እንደ መጻፍ ነው።

ተመለስ ብለው አይመለስም፣ ወይም ሲመለስ ዛፍ ላይ ወጣ

ጀማሪ ድሮኑን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ነፋሱን እንቁጠር። በተራው ሁነታ የዚህ ድሮን ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር ነው። ነፋስ ከኋላ እየገፋው 300 ሜትር ሄደ እንበል፤ መሄዱ ቀላል ስለሆነ ማንም ነፋሱን አያስተውለውም። ሲመለስ 8 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ ከፊቱ ይገጥመዋል። የሚተርፈው 2 ሜትር ብቻ ነው፣ 300 ሜትሩም ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ነፋስ ባይኖር 30 ሰከንድ ነበር። ባትሪው 15 በመቶ ላይ ከሆነ ላይደርስ ይችላል።

ይህን ስታዩ በመጀመሪያ ዝቅ አድርጉት፤ ወደ መሬት ሲጠጋ ነፋሱ ይቀንሳል። ቀጥሎ ወደ ስፖርት ሁነታ ቀይሩ። እዚያ ላይ 16 ሜትር በሰከንድ ስለሚሄድ ከ8 ሜትሩ ነፋስ 8 ይተርፈዋል፣ መንገዱም 40 ሰከንድ አይሞላም። ይህም ካልበቃ የግድ እግራችሁ ሥር ካልደረሰ አትበሉ። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጋችሁ አሳርፉትና በእግር ሂዱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሲነሱ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ መሄድ ነው፤ ያን ጊዜ መመለሻው በነጻ ይሆናል።

ዛፉን በተመለከተ፦ ሚኒ 2 የሚያየው ወደ ታች ብቻ ነው፤ ከፊቱ ያለው ግንድ አይታየውም። ግንኙነት ሲቋረጥ ወዳስቀመጣችሁለት ከፍታ ይወጣና በቀጥተኛ መስመር ይመጣል። በዙሪያው ያለው ረጅሙ ዛፍ 25 ሜትር ከሆነ የመመለሻውን ከፍታ 35 አድርጉት፤ ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ እንደገና አስተካክሉት። ለመነሻችሁ ቅርብ ከሆነ ግን ከፍ ሳይል ባለበት ከፍታ ሊመጣ ስለሚችል ከዛፍ ሥር አትነሱ።

ምስሉ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ከሆነ ሪሞቱን አያያዛችሁን እዩ። የአንቴናውን ጫፍ ወደ ድሮኑ መቀሰር ስህተት ነው፤ ሰፊው ጎኑ ነው ወደ ድሮኑ የሚዞረው። ደግሞም ይህን የምታህል ድሮን ጥቂት መቶ ሜትር ርቃ ነጥብ ከሆነች ሲግናል ቢኖርም ልትመለስ ይገባል። ከዓይን መሰወሯ አደጋ ብቻ ሳይሆን በአሜሪካም በአውሮፓም ሕግ መጣስ ነው።

31 ደቂቃ ተብሎ 22 ላይ አለቀ

31 ደቂቃው ነፋስ በሌለበት፣ ፍጥነቱ ሳይቀያየር፣ ባትሪው እስኪደርቅ ተበሮ የተለካ ነው። ልባም ሰው 25 በመቶ ላይ ያወርዳል፤ ስለዚህ 20 ደቂቃን የሚሻገር በረራ ካገኛችሁ ድሮኑ ምንም አልሆነም። ስትገዙ ከፍ ያለ ሞዴል ላይ ከመጨመር ሦስት ባትሪ ያለውን ጥቅል መውሰድ ይሻላል። ያገለገለ ከሆነ አፑ ላይ ባትሪው ስንት ጊዜ ቻርጅ እንደተደረገ አስከፍታችሁ እዩ፤ ሻጩ ባለበትም አስነሱት።

ከፍታም ይበላል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ደቂቃውም በዚያው ልክ ያጥራል። የዚህ ሞዴል የመነሻ ጣሪያ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ስለሆነ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ቆሞ ማስነሳት ከተሠራበት ልክ ውጭ ነው።

ምስሉ እንደ ጄሊ ይርገበገባል፣ ወይም አድማሱ ያዘነብላል

መርገብገቡ ከተላጨ ፕሮፔለር ነው። ማዘንበሉ ድሮኑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ጊምባሉን፣ ማለትም ካሜራውን አረጋግቶ የሚይዘውን ክፍል፣ ከአፑ ካሊብሬት በማድረግ ይስተካከላል። «የጊምባል ሞተር ተጨናንቋል» ካለ የፕላስቲክ ሽፋኑን ሳታነሱ አብርታችሁታል።

ባትሪው አብጧል

ወደ ቤቱ አልገባ ካለ ወይም መዝጊያው «ቀጭ» ብሎ ካልያዘ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት። አየር ላይ ቢወጣ ድሮኑ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ከሚቃጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡና ባትሪ ለሚሰበስብ ቦታ ስጡ፤ የቤት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ ለወራት ማስቀመጥ ወይም መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ ይሁን።

ይነሳል፣ ግን መነሳት አልነበረበትም

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወገን ይህን ሁለቴ ያንብብ። ከሮናልድ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በ15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ያለ አሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው፤ ጓሮአችሁም ሁለቱ ከተሞችም ክልሉ ውስጥ ናቸው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት በቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳል። ቀድሞ የዲጄአይ ድሮን ራሱ አልነሳም ይል ነበር፤ ከጥር 2025 ወዲህ ግን በአሜሪካ ኩባንያው ያንን መቆለፊያ አንስቶ በማስጠንቀቂያ ተክቶታል። ስለዚህ መነሳቱ መፈቀዱ አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት ቢፎርዩፍላይ (B4UFLY) በሚባለው አገልግሎት ቦታውን አረጋግጡ።

በአሜሪካ ለመዝናኛ ለሚበር ከ250 ግራም በታች ድሮን ምዝገባ አያስፈልግም፤ ትረስት የሚባለውን ነጻ የኦንላይን ፈተና ማለፍና ማስረጃውን መያዝ ግን ግዴታ ነው። ከፍታው ከ400 ጫማ አይበልጥም። የፕሮፔለር መከላከያ ወይም ከባድ ባትሪ ስትገጥሙ ክብደቱ 250 ግራምን ሊያልፍ እንደሚችል አትርሱ፤ ካለፈ በ5 ዶላር ለሦስት ዓመት ይመዘገባል።

የዘመድ ሠርግ በክፍያ መቅረጽ መዝናኛ አይባልም። ፓርት 107 የሚባለው የ175 ዶላር ፈተና ይመጣል፣ ድሮኑም ቢቀል እንኳ ይመዘገባል። በተጋባዦች አናት ላይ አታሳልፉት፤ ከጎን፣ ራቅ ብሎ የተነሳ ምስል ሙሽሮቹንም አዳራሹንም ያሳያል።

ቦሌ ላይ ተያዘ

ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቃል። «ትንሽ ነው፣ መጫወቻ ነው» የሚለው ክርክር ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ አያዋጣም። ፈቃዱን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ፤ ካልተገኘ ድሮኑን ቤት ተዉት። ፈቃድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ትርፍ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣ ይይዛል እንጂ ከታች በሚጫነው ውስጥ አይከትም። የሚኒ 2 ባትሪ 17 ዋት-ሰዓት ግድም ስለሆነ በአውሮፕላን ከተፈቀደው የ100 ዋት-ሰዓት ወሰን በታች ነው። መገናኛ ነጥቦቻቸውን በፕላስተር ሸፍኑ፣ እያንዳንዱንም ለየብቻው በከረጢት አድርጉ።