የባች ሥራዎችን ሁኔታ በኮድ እንዴት መመዝገብና መከታተል ይቻላል

የባች ሥራ የሚባለው ሰው ፊቱ ተቀምጦ ሳይጠብቀው፣ ለኮምፒውተር ተሰጥቶ ወረፋው ሲደርስ የሚሠራ ሥራ ነው። በደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት ተመራማሪ የመንዝን፣ የአንኮበርንና የሸዋ ሮቢትን የብዙ ዓመታት የዕለት ዝናብ መዝገብ ለማስላት ብትነሣ፣ ሥራውን በጣቢያና በዓመት ከፋፍላ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሥራዎችን ሩቅ ቦታ ላለ ክላስተር (ተያይዘው በአንድነት ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ታስገባለች። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋት የትኛው እንዳለቀ፣ የትኛው ገና እንደሚጠብቅና የትኛው እንደከሸፈ በታማኝነት የሚነግራት ፕሮግራም ነው።

እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት መከታተያ ግን ታማኝ አልነበረም። አንድ ሥራ ከወረፋው ዝርዝር ላይ ከታጣ «ከሽፏል» ብሎ ይመዘግብና እንደገና ያስገባው ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔት ለአንድ ሰዓት ያህል ተቋረጠ፤ ሲመለስ ፕሮግራሙ በዚያ መሀል በሰላም ያለቁትን ሥራዎች ሁሉ ዳግም አስገባቸው፤ ሁለተኛው ዙርም የመጀመሪያውን ውጤት ደመሰሰው። ምክንያቱ ስለርም የተባለው የሥራ አከፋፋይ ነው፤ አስተዳዳሪው ካልቀየረው በስተቀር ያለቀን ሥራ በማስታወሻው የሚያቆየው ለ300 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት እህሉን አስይዞ የሄደ ሰው ሲመለስ ጆንያውን ከሰልፉ ላይ ቢያጣው፣ ተፈጭቶ ወደ ጓዳ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ባለወፍጮውን ሳይጠይቅ ተሰረቅሁ አይልም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ «አላውቅም» እና «ከሽፏል» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ለይቶ በመያዝ ላይ የቆሙ ናቸው።

በመጀመሪያ የሁኔታዎቹን ዝርዝር ይወስኑ። «ጀምሯል»፣ «አልቋል»፣ «ከሽፏል» እያሉ ለየብቻ የእውነት ወይም የሐሰት ምልክት ማኖር፣ አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ አልቆም ከሽፎም እንዲታይ በር ይከፍታል። በዚህ ፋንታ ሥራው በማናቸውም ጊዜ አንድ ሁኔታ ብቻ እንዲኖረው ያድርጉ፤ ለዚህም ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ3.4 እትም ጀምሮ የያዘው፣ አስቀድመው ከዘረዘሯቸው ስሞች አንዱን ብቻ የሚቀበለው ኢነም የተባለው ዓይነት ተስማሚ ነው። ለአብዛኛው ፕሮግራም ሰባት ሁኔታዎች ይበቃሉ፦ ሊገባ ነው፣ ወረፋ ላይ ነው፣ እየሠራ ነው፣ ተጠናቋል፣ ከሽፏል፣ ተሰርዟል፣ አልታወቀም።

ሁኔታውን በተራ ጽሑፍ መያዝ በየትኛውም ቋንቋ አደገኛ ቢሆንም በአማርኛ ይብሳል። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስም ውስጥ ስለሚቀበል ብዙዎቻችን ኮዱን በአማርኛ ለመጻፍ እንበረታታለን፤ ይሁን እንጂ «ተሰርዟል» እና «ተሠርዟል» ለእኛ አንድ ቃል ሲሆኑ ለኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ኢነም ከተጠቀሙ የተሳሳተው ፊደል ወዲያውኑ ስሕተት ሆኖ ይወጣል፤ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ግን ንጽጽሩ በዝምታ ሐሰት ይሆንና ሥራው ከቆጠራ ውጭ ይቀራል።

ሁለተኛው እርምጃ መተርጎሚያ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። እያንዳንዱ ሥራ አከፋፋይ የራሱ ቋንቋ አለው፦ ስለርም በቃላት ሲናገር ኤችቲኮንዶር የተባለው ሌላው ሥራ አከፋፋይ በቁጥር ይናገራል፤ 1 የሚጠብቅ፣ 2 የሚሠራ፣ 3 የተሰረዘ፣ 4 ያለቀ፣ 5 የታገደ ማለት ነው። እነዚህን ወደ ራስዎ ሁኔታዎች ሲመልሱ ዋናውን ቃል አይጣሉት፤ ከጎኑ በሌላ ዓምድ ያኑሩት። ስለርም የጊዜ ገደብ ያለፈበትን፣ ሜሞሪ ያለቀበትንና ማሽኑ የተበላሸበትን ሥራ ለይቶ ይነግርዎታል፤ ሦስቱም ለእርስዎ «ከሽፏል» ቢሆኑም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ሥራው ሲቆም የሚተወውን የመውጫ ቁጥርም እንዲሁ ይያዙ፤ 137 ብዙውን ጊዜ 128 ሲደመር 9 (የግዳጅ ማቆሚያ ምልክቱ ቁጥር) ነው፤ ይኸውም ሥራው በራሱ ሳይወጣ በግድ መገደሉን ያመለክታል። በሰንጠረዥዎ ውስጥ የሌለ ቃል ከመጣ ወደ «አልታወቀም» ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ከየትኛው ሁኔታ ወደ የትኛው መሻገር እንደሚፈቀድ በአንድ ቦታ ይጻፉ። ከተጠናቀቀ፣ ከከሸፈና ከተሰረዘ በኋላ መመለስ የለም። ከ«እየሠራ ነው» ወደ «ወረፋ ላይ ነው» መመለስ ግን ይፈቀድ፤ ማሽን ሲበላሽ ሥራ አከፋፋዩ ራሱ ሥራውን ወደ ወረፋ ሊመልሰው ይችላልና። እርስዎ የከሸፈ ሥራ ደግመው ሲያስገቡ አሮጌውን መስመር አይለውጡ፤ አዲስ ሙከራ በአዲስ መስመር ይመዝገብ፤ የውጤት ፋይሉም የሙከራውን ቁጥር ይያዝ።

አራተኛው እርምጃ መዝገቡ መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ለአንድ ተመራማሪ ኤስኪውላይት የተባለው፣ በአንድ ፋይል የሚቀመጠው ትንሽ ዳታቤዝ ይበቃል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ሥራውን ከማስገባትዎ በፊት የራስዎን ልዩ መለያ ሰጥተው «ሊገባ ነው» ብለው ይጻፉ፤ ያንኑ መለያ የሥራው ስም አድርገው ያስገቡት፤ ከዚያም የተሰጠዎትን ቁጥር ይመዝግቡ። በማስገባቱና በመመዝገቡ መካከል መብራት ቢጠፋ ሥራውን በስሙ ፈልገው ያገኙታል።

ሰዓትን በሚመለከት፣ መዝገቡ ሁልጊዜ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ለዓይን ሲቀርብ ብቻ ነው። እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 2፡00 ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ያለፈው ቀን 23፡00 ነው፤ በልማድ የተጻፈ «8 ሰዓት» አንዱን ሥራ ከሌላው ቀን ሥራ ጋር ያደባልቀዋል።

አምስተኛ፣ አጠያየቁን ያስተካክሉ። ለ300 ሥራ 300 ጊዜ ከመጠየቅ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ፣ ለምሳሌ በየደቂቃው፣ ይጠይቁ፤ መልስ ካልመጣ ሁኔታውን ሳይነኩ ቆይታውን እያረዘሙ ይሞክሩ። መልስ መጥቶ ሥራው ከዝርዝሩ ከሌለ ግን «አልታወቀም» ይሁንና ወደ ቀጣዩ ምስክር ይሂዱ። በስለርም ያለፉ ሥራዎች ዳታቤዝ የተዘረጋ ከሆነ ኤስአክት የተባለው ትእዛዝ የሥራውን ፍጻሜ ይነግርዎታል። እሱ ከሌለ የውጤት ፋይሉን ይመልከቱ፤ ሥራው ውጤቱን በጊዜያዊ ስም እየጻፈ በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ ትክክለኛውን ስም እንዲሰጠው ካደረጉ፣ የፋይሉ መኖር የመጠናቀቁ ማስረጃ ይሆናል። ሁለቱም ዝም ካሉ ሥራው «አልታወቀም» እንደሆነ ይቆይና ሰው ይየው፤ ፕሮግራሙ በግምት ደግሞ አያስገባው።

ሁሉንም ከጻፉ በኋላ መብራት እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ይሞክሩት፦ አጫጭር ሥራዎችን ያስገቡ፣ የኢንተርኔቱን ገመድ ይንቀሉ፣ ካለቁ በኋላ 300 ሰከንዱ በደንብ እንዲያልፍ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆዩ፣ መልሰው ይሰኩ። ሥራዎቹ በ«አልታወቀም» በኩል አልፈው «ተጠናቋል» ላይ መድረሳቸውንና አንዱም ሁለት ጊዜ አለመግባቱን በሙከራ ቁጥራቸው ያረጋግጡ።