ሲያሻው የሚነሳ፣ ሲያሻው የማይነሳ መኪና

አዳማ ውስጥ የቆየ ኮሮላ የምትነዱ፣ መኪናው አልፎ አልፎ አልነሳ ሲላችሁ ባትሪና ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) ለመግዛት አትጣደፉ። ጋራዥ ሲደርስ አንዴ ቁልፍ ሲነካ ይነሳል፤ መካኒኩም የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ ምርመራው እዚያው እምቢ ባለበት ቦታ ይሠራ።

መጀመሪያ ድምፁን ስሙ። ሞተሩ እየዞረ ካልነሳ ችግሩ ባብዛኛው ነዳጅ ወይም የካንዴላ እሳት ነውና ሞተሪኖውን ተዉት። ጭራሽ ካልዞረ የፊት መብራት አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደከመ ወይም ከጠፋ ባትሪውን ወይም የገመድ ማሰሪያዎቹን ጠርጥሩ። ሳይደክም "ቀጭ" ብቻ ካለ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ኔጋቲቭ ገመዱን ነው። መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ካላችሁ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ እራስ ላይ (ማሰሪያው ላይ አይደለም!)፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ አስነኩና ሰው ቁልፉን ያዙር። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑም የተሳበ ይሁን። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ተበልቷል ወይም ብሎኑ ዝጓል። ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጠዋት ደህና ተነስቶ ከወንጂ መልስ በእኩለ ቀን እምቢ የሚል ከሆነ ይህን ለመካኒኩ ንገሩት፤ ሽቦ ሲግል ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም፣ የደከመ ሞተሪኖ ደግሞ ያኔ ይጋለጣል።