ለጌም ስፕራይት የሚሆን የፒክስል አርት መሳያ እንዴት መርጠን ለእጃችን እናስተካክለው?

ስፕራይት ማለት ጌም ውስጥ የሚታይ የሰው ወይም የዕቃ ትንሽ ሥዕል ነው፤ ፒክስል አርት ደግሞ ሥዕልን ነጥብ በነጥብ መሥራት ነው። ይህን የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር የመስመር መደብዘዝ ነው። 16 በ16 ነጥብ በሆነች ትንሽ ሸራ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ያኖራል፤ ዙሪያዋን ግራጫ ጥላ ተከትሏት ይመጣል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም። አብዛኞቹ የሥዕል ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለፎቶና ለትልልቅ ሥዕል ስለሆነ ጠርዙን ሆን ብለው ያለሰልሱታል። እኛ ደግሞ እያንዳንዷን ነጥብ በራሳችን እጅ ማስቀመጥ ነው የምንፈልገው። ስለዚህ ስትመርጡም ስታስተካክሉም ይህን ጠይቁ፦ እኔ ያላስቀመጥኩትን ነጥብ ይጨምርብኛል?

መጀመሪያ ምርጫው። በዘርፉ በጣም የታወቀው ኤስፕራይት ነው፤ ግን ይሸጣል፣ ከአገር ቤት ሆኖ በዶላር መክፈል ደግሞ ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ኮዱ በነፃ ፈቃድ ይለቀቅ ስለነበር ከዚያ ቅጂ ሊብረስፕራይት የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ወጥቷል፤ አሠራራቸው በጣም ይመሳሰላል። ፒክስሎራማም ነፃ ነው። ፒስክል ምንም ሳትጭኑ በብራውዘር ይከፈታል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው በፒክስል ስቱዲዮ ይጀምር። የእኔ ምክር ላፕቶፕ ካላችሁ ሊብረስፕራይትን ጭኑ የሚል ነው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራችሁ አይቆምም።

ጂምፕ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ቀድሞ ካላችሁም ይሆናል፣ ግን ሳይስተካከል አትጀምሩ። ብሩሹን ትታችሁ ፔንስሉን ያዙ፣ መጠኑን 1 አድርጉ፣ ላጲሱ ላይ «ሃርድ ኤጅ» የሚለውን ምረጡ። በኤስፕራይትና በሊብረስፕራይት ደግሞ ፔንስሉን ስትይዙ ከላይ «ፒክስል ፐርፌክት» የሚል ምርጫ አለ፤ አብሩት። በእጅ የተሳለ ጠመዝማዛ መስመር መታጠፊያው ላይ አንዲት ትርፍ ነጥብ ጥሎ ያልፋል፣ መስመሩም እዚያ ላይ ወፍሮ ይታያል። ይህ ምርጫ ያቺን ነጥብ እየለቀመ ያነሳላችኋል።

ቀጥሎ ቀለም። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የድሮው ጌም ቦይ 160 በ144 በሆነ ስክሪን ላይ የሚያሳየው 4 የቀለም እርከን ብቻ ነበር፤ በኤንኢኤስ፣ በድሮው የኒንቴንዶ ጌም መጫወቻ፣ ደግሞ አንድ ስፕራይት ኋላውን ከሚያሳየው ባዶ ቦታ ሌላ 3 ቀለም ነበረው። እናንተም ለመጀመሪያ ሥራችሁ ከ6 እስከ 8 ቀለም ያለው ፓሌት፣ ማለትም የምትጠቀሙባቸውን ቀለሞች ዝርዝር፣ አዘጋጁና የቀለም ሞዱን «ኢንዴክስድ» አድርጉት። ያኔ ፓሌቱ ላይ አንድ ቀለም ስትቀይሩ በሥዕሉ ሁሉ በአንዴ ይቀየራል።

ነጠላ የለበሰች ሴት በ16 በ16 እንሳል እንበል። ነጩ ነጠላ ፈካ ባለ መሬት ላይ ይጠፋል። ዙሪያውን በጥቁር ብትከቡት ደግሞ ጨርቁ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ነጩን እንዳለ ትታችሁ እጥፋቱ ያለበትን ቦታ በሰማያዊ ግራጫ 3 ወይም 4 ነጥብ ንኩት፤ ወዲያው ጨርቅ ይመስላል። ጥለቱ አንድ ረድፍ ብቻ ነው የሚደርሰው። ቀይና አረንጓዴ እያፈራረቃችሁ ብትደረድሩ በቅርብ ያምራል፣ በትክክለኛ መጠኑ ግን ተቀላቅሎ ቡኒ ይመስላል። ረድፉን በአንድ ቀለም ሙሉትና በየሦስተኛው ነጥብ ቢጫ ጣል አድርጉበት። ይህን ለማየት ሁልጊዜ ሁለት መስኮት ክፈቱ፤ አንዱ የምትሠሩበት ትልቁ፣ ሌላው ሥዕሉን በእውነተኛ መጠኑ የሚያሳየው። በኤስፕራይት ኤፍ7 ስትጫኑ ይህ ትንሽ መስኮት ይመጣል።

አሁን እጃችሁን አለማምዱ። ቀኝ እጅ ማውስ ላይ፣ ግራ እጅ ኪቦርድ ላይ። በኤስፕራይትና በሊብረስፕራይት ቢ ፔንስል ነው፣ ኢ ላጲስ፣ ኤክስ ሁለቱን ቀለሞች ያቀያይራል፣ ኦልትን ይዛችሁ ነጥቧን ስትነኩ ደግሞ የእሷን ቀለም ታነሳላችሁ። እነዚህን አራቱን ሳያዩ መጫን ሥራውን በጣም ያፋጥናል። ካልተመቿችሁ «ኤዲት» ውስጥ «ኪቦርድ ሾርትከትስ» ገብታችሁ ለጣታችሁ ወደሚቀርብ ፊደል ቀይሯቸው። የአማርኛ መጻፊያው ክፍት ከሆነ ፊደሎቹ ላይታዘዙ ስለሚችሉ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። በየመሐሉ ኮንትሮልና ኤስ መጫን ደግሞ ልማድ ይሁን፤ እኔ አንድ ማታ መብራት ሄዶብኝ ስድስት ፍሬም (ተከታታይ ሥዕል) ያለው የእርምጃ አኒሜሽን ጠፍቶብኛል።

ሲያልቅ በፒኤንጂ አውጡት፤ ጄፔግ ነጥቦቹን ያቆሽሻቸዋል። ማሳደግ ካስፈለገ 200፣ 300 ወይም 400 በመቶ እንጂ 150 አይሁን፣ ነጥቦቹ እኩል መሆናቸው ይቀራልና። በጂምፕ ስታሳድጉ «ኢንተርፖሌሽን» የሚለውን «ነን» አድርጉት። ጌሙ ውስጥ ስታስገቡትም ይኸው ጉዳይ ይመለሳል፦ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ከሆኑት በዩኒቲ «ፊልተር ሞድ»ን «ፖይንት» ላይ አድርጉና ኮምፕሬሽኑን አጥፉ፣ በጎዶት ደግሞ የቴክስቸር ፊልተሩን «ኒረስት» በሉት። ከዚያ ጌሙን አስነሱና ስፕራይቱን በስክሪን ቅጂ አንስታችሁ አጉልታችሁ እዩት፤ ፓሌታችሁ ውስጥ የሌለ ቀለም ጠርዙ ላይ ካያችሁ ከእነዚህ ሴቲንጎች አንዱ አልተስተካከለም ማለት ነው።